ቢላዋውም ጨረሩም ጥቂት ሳምንት ይጠብቃል

እንበል አንድ የ63 ዓመት ሰው ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ይነዳል። ሬገን ኤርፖርት ተራ ይዞ ቆሟል። ስልኩ ድምፅ አሰማ። ከሆስፒታሉ ፖርታል፣ ታካሚዎች ውጤታቸውን ከሚያዩበት ድረ ገጽ፣ የመጣ መልእክት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከፕሮስቴቱ የተወሰደው ናሙና (ባዮፕሲ) ውጤት። ዶክተሩ ገና አልደወለም። አሜሪካ ውስጥ ከ2021 ጀምሮ እንዲህ ያለ ውጤት የሐኪሙ ማብራሪያ ሳይጠበቅ ለታካሚው ይለቀቃል፤ ሕጉ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሰውየው ካልገባው አንድ ገጽ ጽሑፍ መሀል አንዲት ቃል ለይቶ አወቀ፦ ካንሰር። ፎቶ አንስቶ ለልጁ ላከላት። ልጅቷ ሥራ ላይ ናት። አንብባ ስልኩን ይዛ ቀረች፤ ደውላ ምን እንደምትለው ጨነቃት።

ከሦስት ቀን በኋላ ሰውየው ዩሮሎጂስቱ ዘንድ ቀረበ። ዩሮሎጂስት የሽንትና የፕሮስቴት ቀዶ ሐኪም ነው። ጥሩ ሐኪም ነው፤ ረጋ ብሎ ያስረዳል። ካንሰሩ ከፕሮስቴት ዕጢው አልወጣም አለው። በሮቦት ይወጣል፤ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ክፍት ቀን አለኝ፤ ልያዝልዎ? አለው። የኛ ሰው «እሺ ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ።

ይሄው ሰውዬ ያገለገለ ካምሪ ሲገዛ መካኒክ አስከትሎ ነው የሄደው። ቤት ሲገዛ ሦስት ዘመድና አንድ የማያውቀውን የባንክ ሰው አማክሯል። ለልጁ ሰርግ አዳራሽ ሲመርጥ አራት ቦታ ዞሯል። ሰውነቱ ላይ ሲሆን ግን አንድ ሰው ተናገረ፣ አለቀ።

ሐኪሙን ለማማት አይደለም። ቀዶ ሕክምናው ለዚህ ሰው ትክክለኛው ምርጫ ሊሆን ይችላል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ምርጫ መሆኑን ማን ነገረው?

ፕሮስቴት ካንሰር ከብዙ ካንሰሮች የሚለይበት ነገር አለ። ገና ከዕጢው ሳይወጣ ሲገኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ብሎ የሚሄድ በሽታ ነው። የሚታከምበት መንገድ ደግሞ አንድ አይደለም። ቀዶ ሕክምና አለ፤ ጨረር አለ፤ ሳይነኩ በቅርብ መከታተልም አለ። ሦስቱም የዘመናዊ ሕክምና መንገዶች ናቸው። የትኛው ይሻላል የሚለው መልስ በበሽታው ብቻ አይወሰንም። በዕድሜ፣ በሌላ ሕመም፣ በሥራ ዓይነት፣ በትዳር፣ ሰውየው ምን ማጣት እንደማይፈልግም ይወሰናል። ስለዚህ እዚህ በሽታ ላይ ሌላ ሐኪም ማየት «የመጀመሪያውን አላመንኩትም» ማለት አይደለም። ግማሹን መረጃ ይዞ ላለመፈረም ነው።

እንግሊዝ አገር የተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ፕሮቴክት ይባላል። ከ1999 እስከ 2009 ድረስ ከ82 ሺህ በላይ ወንዶች ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ተመረመሩ። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 69 ነው። ካንሰሩ ከዕጢው ሳይወጣ ከተገኘባቸው መካከል 1,643ቱ አንድ ደፋር ነገር ተስማሙ፤ ሕክምናቸው በዕጣ እንዲወሰን። አንዱ ሦስተኛ ቀዶ ሕክምና፣ አንዱ ሦስተኛ ጨረር፣ አንዱ ሦስተኛ ክትትል ደረሳቸው። ከዚያ 15 ዓመት ተጠበቀ።

ውጤቱ በ2023 ወጣ። በ15 ዓመት ውስጥ በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት 45 ሰዎች ናቸው፤ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም። በክትትል ከቆዩት 3.1 በመቶ፣ ቀዶ ሕክምና ካደረጉት 2.2 በመቶ፣ ጨረር ከወሰዱት 2.9 በመቶ። ልዩነቱ በስታትስቲክስ ዓይን ልዩነት የሚባል አይደለም። በሌላ ምክንያት፣ በልብም በሌላም፣ የሞቱት ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ።

ይህን ብቻ አንብቦ «እንግዲያው ምንም አላደርግም» የሚል ሰው ግን ቸኩሏል። እዚያው ጥናት ላይ ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የተሠራጨባቸው በክትትሉ ቡድን 9.4 በመቶ ናቸው። በቀዶ ሕክምናው 4.7፣ በጨረሩ 5 በመቶ። እጥፍ ማለት ነው። ክትትል ላይ ከነበሩትም ከግማሽ በላይ የሆኑት፣ 61 በመቶ ገደማ፣ በኋላ ቀዶ ሕክምና ወይም ጨረር ወስደዋል። የዚያን ጊዜው ክትትል በአብዛኛው በደም ምርመራ ብቻ ነበር፤ እንደዛሬው በኤምአርአይና በተደጋጋሚ ባዮፕሲ አልነበረም። ሌላም ነገር አለ። የጥናቱ ተሳታፊዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጮች ናቸው። ጥቁር አንባቢ ይህን ልብ ይበል። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ወንዶች በዚህ በሽታ የሚሞቱት ከነጮቹ በእጥፍ ገደማ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከአራት ጥቁር ወንዶች አንዱ በዕድሜው ይህ በሽታ ይገኝበታል፤ ከጠቅላላው ወንድ ግን ከስምንት አንዱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር «ለኔስ እንዴት ይተረጎማል?» ብሎ መጠየቅ ነው ሁለተኛ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬደው።

ዕድሜ ላይ ልዩነቱ ያን ያህል ትንሽ ከሆነ፣ ትልቁ ልዩነት የት ነው? ኑሮ ላይ ነው። ስለዚህ ነገር ሐኪም ቤት ፈጠን ተብሎ ይታለፋል፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይነሳም። እስቲ በግልጽ እናውራው።

ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር የተቀመጠች፣ የሽንት ቧንቧ መሀሏን ሰንጥቆ የሚያልፍባት ዕጢ ናት። ብልት እንዲቆም የሚያደርጉት ነርቮች በግራና በቀኟ ተለጥፈው ያልፋሉ። ከኋላዋ ፊንጢጣ አለ። እንዲህ ያለ ጠባብ ሰፈር ውስጥ ቢላዋም ይግባ ጨረር፣ ጎረቤት ሳይነካ አይወጣም። በዚያው የእንግሊዝ ጥናት ከሕክምናው በፊት ለግንኙነት የሚበቃ ብልት መቆም የነበራቸው 67 በመቶ ነበሩ። ከስድስት ወር በኋላ፣ ቀዶ ሕክምና ካደረጉት 12 በመቶ፣ ጨረር ከወሰዱት 22 በመቶ፣ በክትትል ላይ ካሉት 52 በመቶ ሆኑ። ስድስት ዓመት ሲሞላ 17፣ 27 እና 30 በመቶ። ዕድሜም የራሱን ይወስዳልና የክትትሎቹም ወርዷል። ሽንት ስለሚያመልጣቸው ፓድ የሚያደርጉት ደግሞ በስድስተኛው ወር ከቀዶ ሕክምናው ቡድን 46 በመቶ ነበሩ፤ በስድስተኛው ዓመት 17 በመቶ። ከጨረሩ ቡድን በስድስተኛው ዓመት 4 በመቶ ብቻ። ጨረሩ በበኩሉ አንጀትን ያስቸግራል፤ ሰገራ ማምለጥ በረጅም ጊዜ እዚያ ቡድን ላይ በዝቶ ታይቷል።

ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ለሚውል ሰው ሽንት ማምለጥ ምን ማለት ነው? የ52 ዓመት ሰው፣ ሚስቱ 41 የሆነች፣ ስንፈተ ወሲብን እንዴት ይመዝነዋል? በሽንት መዘጋት ሌሊት አራት ጊዜ የሚነሳ ሰውስ? እሱን ምናልባት ቀዶ ሕክምናው ሁለት ችግር ባንድ ላይ ይፈታለታል። በስድስት የተለያዩ ሰዎች ስድስት የተለያየ መልስ ይወጣል። ስፔሻሊስቱ ሁሉንም ቁጥር ቢያውቅም ይህን መልስ አያውቅም፤ የሚያውቀው የጠየቀ እንደሆነ ነው።

አሁን ወደ ከረረው ነገር ልግባ። ሐኪም የሚመክረው የተማረውን ነው።

በ2000 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት ነበር። ከአንድ ሺህ በላይ ሐኪሞች ተጠየቁ። ከፊሎቹ ቀዶ ሐኪሞች፣ ከፊሎቹ የጨረር ሐኪሞች ናቸው። ከዕጢው ላልወጣ፣ መካከለኛ ደረጃ ላለው ካንሰርና ገና ከ10 ዓመት በላይ ዕድሜ ለሚጠበቅለት ሰው ምን ትመርጣላችሁ ተባሉ። ከቀዶ ሐኪሞቹ 93 በመቶ ቀዶ ሕክምና አሉ። ከጨረር ሐኪሞቹ 72 በመቶ ደግሞ ሁለቱም እኩል ናቸው አሉ። በሽተኛው ያው ነው፤ መልሱ የተለየው በር ስለተለየ ነው። ማንም አልዋሸም። አናጢ ዘንድ ከሄድክ ወንበሩ እንጨት ነው፤ ብየዳ ቤት ከሄድክ ብረት ነው። ባዮፕሲ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ዩሮሎጂስቱ ስለሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ሐኪም ሌላ ዩሮሎጂስት ከሆነ፣ ሁለተኛ አስተያየት ሳይሆን የመጀመሪያውን ቅጂ ይዞ መመለስም አለ። የጨረር ሐኪም መስማት ያስፈልጋል። ቀድሞ ጨረር ሐኪም ዘንድ የሄደም እንዲሁ ቀዶ ሐኪሙን ይስማ።

ይህን ነገር በራሱ ላይ የሞከረው ሰው አንዲ ግሮቭ ነው። ሃንጋሪ ተወልዶ አሜሪካ የገባ፣ የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪውን ኢንቴልን የመራ ሰው። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ 58 ዓመቱ ላይ፣ ፒኤስኤው ከፍ ብሎ ተገኘ። የመጀመሪያ ሥራው ደሙን ለሁለት የተለያዩ ላብራቶሪዎች መላክ ነበር፤ ይመሳሰሉ እንደሆነ ለማየት። ተመሳሰሉ። ባዮፕሲው ካንሰር ሆነ። ከዚያ የኩባንያ ሥራ እንደሚሠራ ሰው ተቀመጠና የሕክምና ጥናቶቹን አንድ በአንድ አነበበ፤ ቁጥሮቹን እያወጣ የራሱን ሠንጠረዥ ሠራ። ብዙ ሐኪሞችን ጠየቀ። ሁሉም የየራሱን ሙያ ሲያመሰግን አየ። አንዱን ሐኪም «አንተ እኔን ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ሰውየው ለሱ ከመከረው የተለየ መልስ ሰጠው። ለምን ይህን አልነገርከኝም ሲለው፣ ስንማር ቀዶ ሕክምና ነው ዋናው እያሉ ስላሳደጉን ሳይሆን አይቀርም አለው። ግሮቭ በመጨረሻ ሲያትል ሄዶ የጨረር ምንጩ ወደ ዕጢው ውስጥ የሚገባበትን ሕክምና መረጠ። ታሪኩን በ1996 ፎርቹን መጽሔት ላይ ራሱ ጻፈው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ በ79 ዓመቱ ሞተ።

ግሮቭ ገንዘብ ነበረው፤ ጊዜም፣ እንግሊዝኛም፣ ስልክ የሚያነሱለት ሰዎችም። የኛ ታክሲ ነጂ እነዚህ የሉትም። ግን ከግሮቭ ሥራ ትልቁ ክፍል ገንዘብ አይጠይቅም። ደሙን ደግሞ ማስመርመር፣ የሌላውን ሙያ ሰው መስማት፣ «አንተ ብትሆንስ?» ብሎ መጠየቅ። ይህ ለማንም ይቻላል።

ስለ ፒኤስኤ ካነሳሁ አይቀር፣ ቁጥሩ በካንሰር ብቻ አይደለም ከፍ የሚለው። የፕሮስቴት ማበጥና ኢንፌክሽንም ያወጡታል። ፊናስቴራይድ የሚባለው ለፕሮስቴት እብጠትና ለራሰ በራነት የሚሰጥ መድኃኒት ደግሞ በግማሽ ያህል ያወርደዋል። መድኃኒቱን እየወሰደ ቁጥሬ ዝቅተኛ ነው ብሎ የተዝናና ሰው ለሐኪሙ ይንገር።

ሰዎች «ሌላ ቦታ ልታይ» ሲሉ የሚያስቡት ሌላ ዶክተር ፊት መቀመጥን ነው። እኔ ግን በዚህ በሽታ ከሁሉ በፊት ሁለተኛ ዓይን የሚያስፈልገው ስላይዱ፣ ናሙናው የተለጠፈበት መስታወት፣ ነው እላለሁ። ሕክምናው ሁሉ የሚመሠረተው ማይክሮስኮፕ ሥር በታየችው በዚያች ቀጭን ናሙና ላይ ነው። ያነበባትን ፓቶሎጂስት (ናሙና መርማሪ ሐኪም) ታካሚው በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

የካንሰሩን ክፋት የሚለካው፣ ግሊሰን የሚባለው ቁጥር እንዲህ ነው የሚወጣው። ዶናልድ ግሊሰን የሚባል አሜሪካዊ ፓቶሎጂስት በ1960ዎቹ ነው የዘረጋው። የካንሰሩ ሕዋሳት አቀማመጥ ከጤነኛው ዕጢ ምን ያህል ራቀ ተብሎ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። በብዛት የታየው አቀማመጥና ሁለተኛው ይደመራሉ። ዛሬ በባዮፕሲ ላይ በተግባር የሚጻፈው ከ6 ጀምሮ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደነግጣል፤ ከ10 ስድስት ሲባል መሀል ላይ ያለ ይመስላላ። የለም፣ 6 የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። ይህ ግራ መጋባት ራሱ በ2014 ባለሙያዎቹ ከ1 እስከ 5 የሚል አዲስ የደረጃ አሰጣጥ እንዲስማሙ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። የድሮው 6 በአዲሱ 1 ነው። ይህች ደረጃ 1 ካንሰር የሚለው ስም ራሱ ይነሳላት እያሉ የሚከራከሩ ሐኪሞችም አሉ።

ድምሩ 7 ሲሆን ደግሞ የቱ እንደሚቀድም መጠየቅ አለበት። ሦስት ሲደመር አራት እና አራት ሲደመር ሦስት ድምራቸው አንድ ነው፤ በሽታቸው ግን አንድ አይደለም። አራቱ የቀደመበት ይከፋል። 3 እና 4ን መለየት ደግሞ የዓይን ፍርድ ነው። ሁለት ጠንቃቃ ፓቶሎጂስቶች አንዱን ስላይድ አይተው የተለያየ ሊጽፉ ይችላሉ። ያቺ የአንድ ቁጥር ልዩነት ክትትል ላይ የሚቆየውን ሰውና ኦፕራሲዮን ክፍል የሚገባውን ሰው ትለያለች። አሜሪካ ውስጥ ደረጃቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ክትትልን የመረጡት በ2014 ከአራት አንድ ገደማ ነበሩ፤ በ2021 ከአምስት ሦስት ሆነዋል። ስለዚህ የፕሮስቴት ናሙና በብዛት ወደሚያይ ትልቅ ማዕከል ስላይዱ ይላክልኝ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ታካሚው የትም አይሄድም፤ በፖስታ የሚሄደው መስታወቱ ነው።

ኤምአርአዩም እንዲሁ ነው፤ አንባቢው ይለያያል። ካንሰሩ ተሠራጭቶ እንደሆነ ለማየት ደግሞ ፒኤስኤምኤ ፔት የሚባል ምርመራ አለ፤ አሜሪካ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የተፈቀደ ነው። ከድሮው የአጥንት ምርመራ የተሻለ ያሳያል። ለሁሉም አያስፈልግም። ደረጃው ከፍ ያለ ሰው ግን «ለኔ ያስፈልገኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

ጊዜስ? «ሌላ ሐኪም እስካይ ይሠራጭብኛል» የሚለው ፍርሃት ነው ብዙውን ሰው የሚያስፈርመው። ዝቅተኛና መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ ካንሰር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነገሩን አይቀይርም። እንዲያውም ከባዮፕሲ በኋላ ቁስሉ እንዲደርቅ ተብሎ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ብዙ ጊዜ ስድስት ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ያ ጊዜ ባዶ ነው፤ ይሠራበት። የኛ ሰው የተሰጠውን ቀን ይያዝ፤ ያን ቀን እስኪደርስ ሌላውን ይስማ። ቀጠሮ ይሰረዛል። የወጣ ፕሮስቴት አይመለስም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለቀበቶ ብቻ አይደለም።

ደረጃው ከፍ ያለ ሲሆን፣ ግሊሰን 8፣ 9 ወይም 10፣ ነገሩ ይቀየራል። እዚያም ሁለተኛ ሐኪም ይታያል፤ ግን በወር ሳይሆን በቀናት ይቆጠራል። አንዳንዴ ካንሰሩን የሚያሳድገውን የወንድ ሆርሞን የሚያወርደው ሕክምና ተጀምሮ ነው የሚመከረው። ጆ ባይደን በግንቦት 2025 የተነገረለት ይህ ዓይነቱ ነው፤ ግሊሰን 9፣ ወደ አጥንት የሄደ። ፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ሰው ድንገት እግሩ ከሰነፈ፣ ጀርባውን በኃይል ካመመው ወይም ሽንቱ ጨርሶ ከቆመ ደግሞ ሁለተኛ አስተያየት የለም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። የአከርካሪ ነርቭ ከተጫነ ሰዓት ነው የሚቆጠረው።

ሌላው እንቅፋት ዝምታ ነው። በጥር 2024 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሎይድ ኦስቲን ሆስፒታል መተኛቱን አገሩ ዘግይቶ ሰማ። በታኅሣሥ ወር የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና አድርጎ፣ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን በኢንፌክሽን ሕመም ተመልሶ ገብቷል። ፕሬዚዳንቱ እንኳ ለቀናት አላወቀም ነበር። በኋላ ወጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ነገሩን በግል ለመያዝ መፈለጉንም ተናገረ። አራት ኮከብ ጄኔራል የነበረ፣ ፔንታጎንን የሚመራ ሰው ይህን በሽታ ከደበቀ፣ የኛ አባቶች ቢደብቁ ምን ይገርማል? ኔልሰን ማንዴላ ግን በ2001 በ83 ዓመቱ በሽታው ሲገኝበት ለሕዝብ ተነግሮ ሰባት ሳምንት ጨረር ወሰደ። 95 ዓመት ኖሮ በ2013 አረፈ።

የተደበቀ በሽታ ሁለተኛ ሐኪም አያገኝም፤ ነገሩ ቀላል ነው። ሁለተኛ ሐኪም ለማየት ወረቀት የሚሰበስብ፣ ስልክ የሚደውል፣ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። ያንን ሰው ለመያዝ መጀመሪያ መንገር አለ።

ከዚህ ጋር የቋንቋ ነገር አለ። ብዙ ቤተሰብ ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ይዞ ይገባል። እስቲ አስቡት። የ19 ዓመት ልጅ ሐኪሙ ስለ ብልት መቆም የጠየቀውን ለአባቱ ሊተረጉም ነው። አያደርገውም። «ደህና ነህ ወይ ነው የሚለው» ይላል። አባትየውም «ደህና ነኝ በለው» ይላል። ሐኪሙ መዝገቡ ላይ «ችግር የለም» ብሎ ይጽፋል። እዚህ ጋ ሁለት ሐኪም ይቅርና አሥር ቢታይ ዋጋ የለውም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክም ሊሆን ይችላል። ቀጠሮ ሲያዝ ነው የሚጠየቀው። ልጁ ይግባ፤ ማስታወሻ ይያዝ። የሚተረጉመው ግን ሌላ ሰው ይሁን።

ስለ ወጪና ስለ መብት አጭር ነገር ልበል። አሜሪካ ሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ድንገተኛ ላልሆነ ቀዶ ሕክምና ሁለተኛ አስተያየት ይከፍላል፤ ሁለቱ ሐኪሞች ካልተስማሙ ሦስተኛም ይከፍላል። የግል ኢንሹራንስ ያለው ሰው አስቀድሞ ደውሎ ይጠይቅ። መዝገብህን ስትጠይቅ ሆስፒታሉ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይገኛል። የሚጠየቀው ሙሉው የፓቶሎጂ ሪፖርት፣ ስላይዱ፣ የኤምአርአዩ ምስል በሲዲ (ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም)፣ እስካሁን የተደረጉት የፒኤስኤ ውጤቶች በሙሉ ነው። እስራኤል ውስጥ የ1996ቱ የሕሙማን መብት ሕግ በሽተኛው በራሱ ፈቃድ ሁለተኛ አስተያየት የማግኘት መብት እንዳለው፣ ሐኪሙና ተቋሙም ሊረዱት እንደሚገባ በግልጽ ይላል። እንግሊዝ ውስጥ በሕግ የተጻፈ መብት ባይሆንም ሲጠየቅ እምቢ የሚሉት ከስንት አንዴ ነው።

አገር ቤት ምርጫው ይጠብባል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት በመላ አገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር። በኋላ እንደ ጅማ ያሉ ተጨመሩ፤ ወረፋው ግን አልቀረም። ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰውም ወገቡን አመመኝ፣ ሽንቴ ተዘጋ ብሎ፣ በሽታው ከወጣ በኋላ ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ጥያቄው ቢላዋ ወይስ ጨረር አይደለም። ሆርሞኑን በምን እናውርደው ነው፤ በየሦስት ወሩ በሚወጋ መርፌ ወይስ አንድ ጊዜ የዘር ፍሬውን በማውጣት? መርፌው ውድ ነው፤ ከገበያ ሊጠፋም ይችላል። ቀዶው ርካሽና ፈጣን ነው፤ በልብ ላይ ግን ሌላ ክብደት አለው። ይህም ምርጫ ነው፤ ይህም ሁለት ሰው ይጠየቅበታል። ውጭ ያለ ዘመድ መድኃኒት ከመላኩ በፊት ሪፖርቱን ፎቶ አስነስቶ ለሌላ ሐኪም ቢያሳይ ይሻላል። ቴሌግራም ላይ የፕሮስቴት ቅጠል የሚሸጠው ሰውዬ ሁለተኛ አስተያየት ውስጥ አይቆጠርም። ፀበሉን ማንም አይከለክልም፤ ቀጠሮውን አያስቀር እንጂ።

ሁለቱ ሐኪሞች ባይስማሙስ? ይህ ነው ሰው የሚፈራው። ባላየሁ ይሻለኝ ነበር ይላል። አለመስማማታቸው ግን መረጃ ነው። ሁለቱም መንገዶች ያስኬዳሉ ማለት ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ምርጫው የታካሚው ነው። ወይም አንዱ ያየውን ሌላው አላየም ማለት ነው። «ዶክተር እገሌ እንዲህ ብለውኛል፤ እርስዎ ለምን ተለዩ?» ተብሎ ቢጠየቅ ነውር የለውም። ደኅና ሐኪም አይቀየምም። በዚህ ሙያ ታካሚው ሌላ ቦታ ታይቶ መምጣቱ የተለመደ ነው። የሚቀየም ካለ፣ ያ ራሱ አንድ መልስ ነው።

የሚነሱትንም ክርክሮች ማወቅ ይጠቅማል። ቀዶ ሐኪሙ «ጨረር ከወሰድክ በኋላ ካንሰሩ ቢመለስ ማውጣት ይከብዳል» ይላል። እውነት ነው። ግን ቀዶ ካደረጉትም ከፊሎቹ በኋላ ጨረር ይጨመርላቸዋል፤ እነሱ የሁለቱንም ጉዳት ይሸከማሉ። «ለኔ የዚህ ዕድሉ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሮቦቱም ተአምር አይደለም። አውስትራሊያ ብሪዝበን ላይ ሮቦቱንና በእጅ የሚደረገውን ያነጻጸረ ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ በሽንትም በወሲብም ልዩነት አላገኘም። የሚለየው ቢላዋውን የያዘው እጅ ነው፤ «በዓመት ስንት ትሠራለህ?» የሚል ጥያቄ «ሮቦት አላችሁ?» ከሚለው ይበልጣል። ጨረር ሐኪሙ ስምንት ሳምንት በየቀኑ ትመላለሳለህ ካለ ደግሞ ለምን ተብሎ ይጠየቅ። ዛሬ ለብዙ ሰው በ20 ቀን ይሰጣል፤ ለአንዳንዱ በአምስት። ለሹፌር የሳምንታት ልዩነት የቤት ኪራይ ነው።

ከሁለት፣ ቢበዛ ከሦስት በላይ የሚዞር ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚፈልገው አስተያየት አይደለም፤ «ምንም የለህም» የሚል ሰው ነው። አምስተኛው ሐኪም ጋ የደረሰ ሰው ይህን ለራሱ ይጠይቅ።

ታክሲ ነጂያችንስ? ቀኑን ይዟል። ስላይዱ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተልኳል። ማክሰኞ የጨረር ሐኪም ቀጠሮ አለው፤ ልጅቷ ስትደውል አስተርጓሚ ይኑር ብላ አስመዝግባለች። ለሚስቱ ገና አልነገራትም። ማታ ሲገባ እራት ቀርቦ፣ «ዛሬ ደግሞ ምነው ዝም አልክ?» ትለዋለች።